የጋሼ ሰማኸኝ ስድስት ጎራሽ

ጋሼ ሰማኸኝ ሽጉጡን ወደ አባቴ ብየዳ ቤት ያመጡት በባንዲራ ጠቅልለው ነው። የሀገር ባንዲራ ማለቴ አይደለም። ሐዲድ ሠራተኛ በነበሩ ጊዜ ባቡር የሚያስቆሙባት፣ ፀሐይ መጥጧት የከረመ ድልህ የመሰለች ቀይ ጨርቅ ነበረቻቸው፤ በእሷ ነው። የድሮው ባቡር ከቀረ ወዲህ የሚያስቆሙት ነገር ስላልነበራቸው ጨርቋ አንድ ቀን ላብ ስትጠርግ፣ አንድ ቀን ዳቦ ስትቋጥር ትውል ነበር።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። አዋሽ ሰባት ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላምንም ነበር። ዛሬም ብዙ አላምንም፤ ብቻ ዛሬ አፌን መዝጋት ለምጃለሁ።

"ሱሩር፣" አሉት አባቴን፣ ጨርቁን ብረት መጨበጫው ሞርሳ አጠገብ እየፈቱ፣ "እስቲ እያት። ብትተኮስ የተኳሹን እጅ ታተርፋለች ወይ?"

አባቴ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ሽጉጡ እንደ ፖሊሶቹ አልነበረም። ረጅም፣ ከባድ፣ መሐሉ ላይ ስድስት ጉድጓድ ያለው ከበሮ የተሸከመ። ጥይት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከፊት በኩል በየጉድጓዱ ጥቁር ባሩድ ይፈስለታል፣ እርሳስ ይጠቀጠቅለታል፣ ከኋላ ደግሞ እሳት የምትጭር ጥፍር የምታህል የመዳብ ቆብ ትደፋለታለች። የጋሼ ሰማኸኝ ቅድመ አያት ከመንዝ ይዘውት የወረዱት ነው ይባላል። ባሩዱም በቀንድ ተደርጎ አብሮ ወርዷል።

"መጀመሪያ ጎርሳ እንደሆነ እንይ፣" አለ አባቴ። "ቅድመ አያትዎ ሞልተው ረስተዋት ቢሆንስ?"

"እሳቸው ምንም ነገር ረስተው አያውቁም።"

"የሞተ ሰው መቼ ረስቶ ያውቃል፣ ጋሼ።"

አባቴ የብስክሌት ሽቦ አንስቶ በየጉድጓዱ እየከተተ ጥልቀቱን ለካ፤ ሽቦውን እያወጣም ከውጭ በኩል ከከበሮው ቁመት ጋር አስተያየው። ከአንደኛው ጉድጓድ የደረቀች ጥንዚዛ ወጣች። እኔ ሳቅሁ። ጋሼ ሰማኸኝ ግን ጥንዚዛዋን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አዩዋት፤ እንደ ዘመድ።

"ለምንድን ነው የምትተኮሰው?" አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ አባቴ፣ "ሂጂ ጀሪካኑን ሞልተሽ ነይ፣" አለኝ። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።

እኔን ማን ያታልለኛል! ለምን እንደምትተኮስ አውቄዋለሁ። ልጃቸው ይታያል ራሱ ነግሮኛል። ይታያል ማለት በፉጨት ዝንጀሮ የሚያስደነግጥ፣ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ታች ወንዙ ውስጥ ድንጋይ የሚያደርስ፣ እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የጭነት መኪና ሰልፍ የሚያስቆጥረኝ ረጅም ልጅ ነው። "እኛ ቤት ወንድ ልጅ ሲዳር በዚያች ስድስት ጎራሽ ይተኮሳል፤ የእኔ ቀን አንቺ እልል ትያለሽ፣" ብሎኝ ነበር። ከዚያ በአፋሯ ከተማ በዲቾቶ በኩል አድርጎ፣ ጅቡቲን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ሄደ። ሽጉጧ ወጣች ማለት ይታያል መጣ ማለት ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ሦስተኛ ክፍል እንኳ አያስፈልገውም።

ደግሞ ምልክት ነበረኝ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሀሰን መጥቶ ነበር። ሀሰን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ረዳት ነው፣ የአፋር ልጅ፤ በመጣ ቁጥር ተምር ይሰጠኛል። ያን ቀን ተምር የለ፣ ሳቅ የለ፤ አባቴንና ጋሼ ሰማኸኝን ይዞ ከጎማው ክምር ጀርባ ገባ። ሻይ አቀረብኩለት፣ ሳይነካው ቀዘቀዘ። ሲወጡ ጋሼ ሰማኸኝ የሀሰንን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ። የምሥራች ላመጣ ሰው እጅ ይሳማል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ይሄው አልኩ በሆዴ፣ የይታያል ሰላምታ ደረሰ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ሀሰን ያመጣው ወሬ አጭር ነበር። ከአንዲት ጀልባ ተርፎ የተመለሰ ልጅ ዲቾቶ ሻይ ቤት ውስጥ የነገረው ነው፦ ማዕበል ሲመታቸው ይታያል ከጎኑ ነበር፤ ሲነጋ አልነበረም። ይኸው። ሬሳ የለም፣ ልብስ የለም፣ ስልክ የለም። ይታያልም ለእኔ የነገረኝ የቤታቸውን ሥርዓት ግማሹን ኖሯል። ሽጉጧ የምትተኮሰው ወንድ ልጅ ሲዳርና ወንድ ልጅ ሲቀበር ነው። የመጀመሪያው ለሕፃን ይበቃል ብሎ ይሆናል።

እኔ ግን በማውቀው ግማሽ ሽር ጉድ ማለቴን ቀጠልኩ። እናቱ እትዬ ንጋትወርቅ ቤታቸውን ልስን ሲያስለስኑ አየሁ። ጌሾ ሲወቀጥ አየሁ። የእድሩ ድንኳን ከማን እጅ እንዳለ ሲጠይቁ ሰማሁ። ለሠርግ ካልሆነ ለምን? ትምህርት ቤት ሄጄ በኩራት አወራሁ። አንዲት ልጅ፣ "ታዲያ ሙሽራዋ የታለች?" ብትለኝ፣ "ከሳዑዲ ነው የሚያመጣት፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ!" ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ሽጉጧ ነጭ ጋዝ ውስጥ ተዘፍዝፋ ሰነበተች። ጋሼ ሰማኸኝ በየቀኑ፣ የአስፋልቱ ሙቀት ጫማ ሳያጣብቅ በጠዋት እየመጡ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ከጣሳው ያወጣታል፣ ይፍቃታል፣ መልሶ ይነክራታል።

"እንዴት ናት?"

"ዝገቱ ገና ነው፣ ጋሼ።"

"አትቸኩል። ግድ የለም፤ በደንብ ይልቀቃት።"

ዝገቱ ለቀቀ። እኔ አይቼዋለሁ፤ ብረቱ እንደ ኩል ጠቁሮ አብርቶ ነበር። ቀጥሎ አባቴ መምቻውን ወደ ኋላ እየሳበ ከበሮውን ማዞር ጀመረ። በየጉድጓዱ "ቀጭ" ብሎ ሲቆም ከበሮውን በአውራ ጣቱ ይነቀንቃል፤ ከዚያ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙሮ ጉድጓዱና በርሜሉ በአንድ መስመር መግጠማቸውን ያያል።

"ከበሮዋ ትንሽ ትወላከፋለች፣" አለ። "ስትቆም እዚያው ጥርቅም ማለት ነበረባት። እንዲህ እያለች ብትተኮስ እሳቱ በጎን ይወጣል።"

ጋሼ ሰማኸኝ ከበርጩማቸው ሊነሱ ደረሱ። "በጎን ይወጣል? እየው! እኔስ ምን አልኩ! አትተኮስማ!"

"መቆለፊያዋን ብየዳ አስነክቼ በሞረድ ላስተካክለው እችላለሁ።"

"ረጅም ጊዜ ይወስዳል?"

አባቴ አያቸው። "ይወስዳል ጋሼ። በጣም ነው የሚወስደው።"

"ጎሽ!" አሉ፤ ለእኔ አንድ ከረሜላ ሰጥተው እያፏጩ ወጡ።

ይህን ሰው ናቅኋቸው። የገዛ ልጃቸው ሠርግ ደርሶ ሽጉጥ መተኮስ የፈሩ ሽማግሌ! እናቴን ኑራን፣ "ጋሼ ሰማኸኝ ቦቅቧቃ ናቸው፣" ብያት በወጥ ማውጫው ጀርባዬን አቀመሰችኝ። ለምን እንደመታችኝ አልገባኝም፤ ከመታችኝ በኋላ ለምን ራሷ እንዳለቀሰች ደግሞ ጭራሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስካልተተኮሰ ድረስ ይታያል የተቀበረ ሰው አይደለም። ማንም በራቸው ላይ መጥቶ "እግዜር ያጥናችሁ" አይልም። ሁለቱ ወንዶች ይህን በአንድ ቃል እንኳ አልተነጋገሩበትም፤ አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ምሎ ነግሮኛል። ጋሼ ሰማኸኝ እንከን ፍለጋ ይመጣሉ፣ አባቴ እንከን ይሰጣቸዋል፤ በቃ።

እንከን ግን ያልቃል። መቆለፊያው ተስተካክሎ ከበሮዋ እንደ ሰዓት ቀጥ እያለች መቆም ጀመረች። የቀረው ስንጥቅ ማየት ብቻ ነበር። አባቴ፣ "ሃፍሳ፣ ከትምህርት ቤት ጠመኔ ይዘሽልኝ ነይ፣" አለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሳያስተምረኝ ያኔ በዓይኔ ቀዳሁት፤ ዛሬም የምሠራበት ዘዴ ነው። ብረቱ ከነጭ ጋዙ ይወጣና ድርቅ እስኪል ይወለወላል። ከዚያ ጠመኔ ደቁሰህ ትነሰንስበታለህ። ብረቱ ስንጥቅ ካለው፣ ስንጥቁ የዋጠውን ጋዝ ቀስ እያለ ይተፋል፤ ነጩ ጠመኔ ላይ እርጥብ መስመር ይወጣል፤ ሰው የደበቀውን ላብ እንደሚያላብ። ስንጥቅ ከሌለው ጠመኔው እንደነጣ ይቀራል።

ከበሮዋ ሞርሳው ላይ ነጭ ሆና ተቀመጠች። ጋሼ ሰማኸኝ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። እኔ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አፈጠጥኩ። ከውጭ የጨው መኪናዎች መሬቱን እያንቀጠቀጡ ያልፋሉ። ጠበቅን። ጠመኔው ደረቅ ነው። አባቴ አዞራት፤ በዚህም በኩል ደረቅ ነው። አንዲት የእርጥበት ነጥብ የለም።

"አለ፣" አለ አባቴ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሼ ሰማኸኝ፣ በሹክሹክታ።

"ስንጥቅ። እዚህች ጋ። ፀጉር የምታህል።"

ጋሼ ሰማኸኝ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ምንም የሌለበትን ቦታ ምንም እንደሌለበት እያዩ፣ "አየኋት!" አሉ። "አየኋት እኮ! ምን የመሰለች ስንጥቅ! ሱሩር፣ እግዜር ይስጥህ፤ ሰው ልታስጨርሰን ነበር!"

"የለም!" ብዬ ጮህኩ። "ደረቅ ነው! አባ፣ ደረቅ ነው፤ ምኑ ጋ ነው?"

አባቴ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ሃፍሳ፣ ወደ ቤት ግቢ፣" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ገባሁ። ሁለት ዓይን ያላቸው ዕውሮች ብዬ፣ እንባዬን በቀሚሴ እየጠረግሁ። አባቴ ሥራ አያውቅም ማለት ነው፤ ወይም አጭበርባሪ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚያሳፍር መምረጥ አቅቶኝ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ሽጉጧን ያቆመው እንከን እትዬ ንጋትወርቅን አላቆማቸውም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ብቻቸውን መጡ። እሳቸው ወደ ብየዳ ቤት ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። አባቴ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ነበር፤ አላጠፋውም። እኔ ከቆርቆሮው ጀርባ ተለጥፌ ከጩኸቱ መሐል የደረሱኝ "ተኩስ"፣ "ጠላዬ ሊቆመጥጥ ነው"፣ "ከለከላችሁኝ" የሚሉ ቁርጥራጮች ናቸው። እሰይ፣ አልኩ፤ ሠርጉን የምታፋጥን ሴት መጣች።

ሌላውን አባቴ ነው የነገረኝ። "ሱሩር፣" ብለውታል፣ "ሬሳ የለኝም። የማለብሰው አፈር የለኝም። ቄሱ ፍታት የሚያደርሱበት ሣጥን የለኝም። ያለችኝ አንዲት ተኩስ ናት። እሷን ነው ከሰውዬው ጋር ተማክራችሁ የከለከላችሁኝ? ጠላዬ ሊቆመጥጥ ነው፣ ልጄ ግን ሜዳ ላይ ነው። አንተ ሰጋጅ ነህ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሽጉጧ ምን አላት?"

አባቴ በአላህ ተይዞ ዋሽቶ አያውቅም። ጄኔሬተሩን አጠፋ።

"ምንም የላትም፣ እትዬ። ወላሂ ምንም የላትም፤ ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ደህና ናት። ግን ሳልሞክራት ለሰው እጅ አልሰጥም። ዛሬ ባዶ ባሩድ አድርጌ እሞክራታለሁ፤ ነገ በቤታችሁ በሥርዓቱ ትተኮሳለች።"

አባቴ ሽጉጧን ከአንድ ትልቅ የተሳቢ ጎማ ጋር በካላማዳሪ፣ በውስጥ ጎማ ላስቲክ፣ ጠፍሮ አሰራት፤ አፈሙዟን ወደ አፈር ቁልል አዞረ። ከቀንዱ ትንሽ ባሩድ አፈሰሰላት፣ በጨርቅ ወተፈላት፣ ቆቧን ደፋላት። ምላጩ ላይ ሲባጎ ቋጥሮ ከጎማው ክምር ጀርባ ድረስ ሳበው። እኔም ሾልኬ እዚያው ተወሸቅሁ፤ ያባረረኝ የለም።

"ጆሯችሁን ያዙ፣" አለ፣ ሲባጎውን እጁ ላይ እየጠመጠመ።

እትዬ ንጋትወርቅ እጃቸውን ዘረጉ። "ወዲህ በል።"

"እትዬ፣ ይሄ ሙከራ ነው፣ የነገው…"

"ወዲህ በል ብዬሃለሁ። የወለድኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ጊዜ ጋሼ ሰማኸኝ አስፋልቱን አቋርጠው ሲሮጡ አየናቸው። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀባቸው። ቀዩዋን ጨርቅ ከአንገታቸው አውልቀው እያውለበለቡ፣ "ንጋት! ንጋት ተይ! ስንጥቅ አላት! ሱሩርን ጠይቂው! ትፈነዳለች ንጋት!" ይሉ ነበር።

እሳቸው ዞር ብለው ባላቸውን አዩአቸው። "አንተ ሰውዬ፣" አሉ፣ በጣም በቀስታ፣ "እኔ ፈንድቼ ከጨረስኩ ሰነበትኩ።" ሲባጎውንም ሳቡት።

እንደ ዛሬ ጥይት ጠሽ ብሎ የሚያልቅ አልነበረም። ደረት የሚገፋ፣ ዘገምተኛ፣ ወፍራም ድምፅ ነው። ነጭ ጢስ ጎማውን ሸፈነው፤ የተጫረ ክብሪት የመሰለ፣ የበሰበሰ እንቁላልም የመሰለ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ጢሱ ሲገፈፍ ሽጉጧ ጎማዋ ላይ እንደታሰረች፣ ድፍን ጤነኛ ሆና ተጋድማለች።

ከዚያ ሠፈሩ ተነሣ። ለካ ሀሰን ወሬውን ካመጣ ወዲህ በየቤቱ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ይህችን ተኩስ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ሰንብቷል። ሙከራ ይሁን የነገው ይሁን የነገራቸው የለም። ከምድር ባቡር ሠፈር በኩል አንዲት ሴት "ወየው!" አለች፤ ቀጥሎ ያለው ቤት ተቀበላት፤ ቀጥሎ ያለውም። እኔ ከጎማው ክምር አናት ላይ ወጣሁ። ይታያል ቃል አስገብቶኝ የለ? ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ አቀለጥኩት።

"እልልልልል! እልልልልል!"

አባቴ ዘሎ አፌን ሊይዝ መጣ። እትዬ ንጋትወርቅ ክንዱን ያዙት። ሲባጎው ገና እጃቸው ላይ ነበር።

"ተዋት፣ ሱሩር፣" አሉት። "እልል ያለለት ሰው አልነበረም።"

እኔም ቀጠልኩ። ማንም ሳያስቆመኝ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ ወደ ግቢያችን መግባት እስኪጀምሩ ድረስ።

ድንኳኑ በዚያው ቀን ተተከለ። ጠላው ተጠጣ። እኛም ከሙስሊሙ ሠፈር ዳቦና ሻይ እያመላለስን አስተዛዘንን። ጋሼ ሰማኸኝ ግን ድንኳኑ ውስጥ አልገቡም። ከደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሽጉጧን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው፣ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ "ለሙከራ ነው የተተኮሰችው፤ አትቆጠርም። ደግሞ ስንጥቅ አላት፣" ይሉ ነበር። ሰዉ "እግዜር ያጥናዎ" እያለ ያልፋቸዋል። አባቴ ሲመጣ እጁን ያዙት፦ "ንገራቸው እንጂ ሱሩር! አላት አይደል?" አባቴ ብዙ ሰው እያየው፣ "አላት ጋሼ፣" አለ። በአላህ አልያዙትም ነበር።

አባቴ አልፏል፣ አላህ ይርሀመው። እትዬ ንጋትወርቅም አዋሽ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተኝተዋል። እኔ ሰመራ የራሴ ብየዳ ቤት አለኝ፤ ሴት ምን ትበይዳለች ያለኝ ሰው ሁሉ ዛሬ እኔ በሠራሁት በር ይገባል ይወጣል። የእኔ በር ከነግድግዳው ካልሆነ አይነቀልም። ብረት ላይ ዋሽቼ አላውቅም።

ጋሼ ሰማኸኝ ብቻ ያስዋሹኛል። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ከአዋሽ ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር ኮታቸው እየሰፋቸው። ደረት ኪሳቸው ውስጥ በፕላስቲክ የተለበጠች የይታያል ፎቶ አለች፤ ዲቾቶ ወርደው በየሻይ ቤቱ፣ በየመኪናው ጋቢና ያሳያሉ። ፎቶው ውስጥ ያለው ልጅ ዛሬ ከእኔ ያንሳል። ወደዚያ ከመሻገራቸው በፊት እኔ ጋ ምሳ ይበላሉ፣ ማለት ሳህኑን ያዞራሉ። ዘንድሮም አዞሩ። እጃቸውን ታጠቡና፣

"ሃፍሳ፣" አሉኝ፣ "አንቺ ብረት ታውቂያለሽ። ያን ቀንም በዓይንሽ አይተሻት ነበር። ስንጥቅ ነበራት አይደል?"

ደግ ስለሆንኩ አይደለም። እውነቱን ብነግራቸው አዋሽ ተመልሰው ባዶ ቤት ይገባሉ። ብዋሻቸው ዲቾቶ ወርደው ባዶ መንገድ ያያሉ። ዲቾቶ ቢያንስ የሚያናግሩት ሹፌር አይጠፋም።

"ነበራት፣ ጋሼ፣" አልኳቸው። "ፀጉር የምታህል።"

ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ማየት ስለማልችል የብየዳ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አወረድኩ። ከመንገዱ ማዶ የሚኒባሱ ረዳት በሩን እየደበደበ፣ "ዲቾቶ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ እንሂድ!" ይላል። ጋሼ ሰማኸኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ደፉ።

"አለሁ!" አሉ፣ እጃቸውን አውጥተው፣ ያለ የሌለ ጉልበታቸውን አሰባስበው እየሮጡ። "ጠብቀኝ ልጄ፣ አለሁ!"